የሰፈራችን መንገድ መቼ ይሠራል? በጎንደር ለመንገድና ለትራንስፖርት ሥራዎች ቅድሚያ ስለሚሰጥበት አሠራር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዕድር ድንኳን፣ በባጃጅ ውስጥና በቀበሌ ደጃፍ የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን።

የከተማው ምክር ቤት በመንገድ ጉዳይ ምን ይሠራል? ከከንቲባው በምን ይለያል?

ምክር ቤቱ መንገድ አይሠራም፤ የትኛው መንገድ በየትኛው ዓመት፣ በስንት ብር እንዲሠራ ይወስናል። ዕቅዱንና በጀቱን አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ከንቲባው የሚመራው አስፈጻሚ አካል ነው። ሰነዱ አፈ ጉባኤው በሚመራው ጉባኤ ላይ ቀርቦ ከጸደቀ በኋላ ግን ኃላፊነቱ የምክር ቤቱም ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ክትትል ነው፤ ቋሚ ኮሚቴዎች መስክ ወርደው ያያሉ፣ የመምሪያ ኃላፊዎችን ጠርተው ይጠይቃሉ፣ የአፈጻጸም ሪፖርት ያዳምጣሉ።

በጉባኤው ቀን የሚደረግ ክርክር የፕሮጀክቶችን ዝርዝር ሲለውጥ ብዙም አይታይም። ዝርዝሩ የሚለወጠው ገና በመምሪያና በቋሚ ኮሚቴ እጅ ሳለ ነው። ስለዚህ የሰፈርዎን የምክር ቤት አባል ማነጋገር ካሰቡ በጀቱ በጸደቀ ማግስት ሳይሆን ወራት ቀደም ብለው ያነጋግሩ።

በከተማው ውስጥ ያለ መንገድ ሁሉ የከተማው አይደለም እንዴ?

አይደለም። ምክር ቤቱ ላይ የሚወርደው ቁጣ ግማሹ ያለ ቦታው የሚወርደውም በዚህ ምክንያት ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል የሚገባው፣ በወለቃ በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው፣ ከአዘዞ ተገንጥሎ ወደ መተማ የሚሄደው አገር አቋራጭ መንገድ የፌዴራል መንግሥት ኃላፊነት ነው፤ የሚመለከተውም የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን ነው። ወረዳን ከወረዳ የሚያገናኙት በአብዛኛው የክልሉ ናቸው። ለከተማው የሚቀሩት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ናቸው፤ በቁጥር ብዙዎቹም እነሱ ናቸው።

ይህ ማለት ግን ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ጉዳይ ምክር ቤቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። አስፋልቱ የፌዴራል ቢሆንም በመንገዱ ወሰን ውስጥ የገባውን ቤት፣ አጥርና ሱቅ የማስነሣት ሥራ ያለ ከተማ አስተዳደሩ አይሆንም። በየሪፖርቱ የምናነበው «የወሰን ማስከበር ችግር» የሚባለው ይህ ነው። ከንቲባውን «አስፋልቱ ለምን አላለቀም?» ብሎ መጠየቅ መልስ ላያስገኝ ይችላል። «ከከተማው የሚጠበቀው ወሰን በሙሉ ለተቋራጩ ተላልፏል ወይ? ያልተላለፈው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ማምለጫ የለውም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከብዙ ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ብርም የራሱ ገደብ አለው። ከተማው ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ የሚሰበስበው ገቢ አለው፤ በዚህ ላይ ምክር ቤቱ ሰፋ ያለ ነፃነት አለው። ከክልሉ የሚመጣ ድጎማ አለ። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ደግሞ ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ነው፤ በዋናነት ለጥገና የተመደበ ስለሆነ አዲስ መንገድ ልክፈትበት ቢሉ አይሆንም። ጉድጓድ የሚደፈንበት ገንዘብ እያለ አዲስ መንገድ የሚከፈትበት የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ሌላው ቢቀር ጥገናው በጊዜው መሠራቱን መጠየቅ ይገባናል።

ከዚህ ሌላ በዓለም ባንክ ድጋፍ ለከተሞች የመጡ ፕሮግራሞች አሉ። ከእነዚህ አንዱ «ዩአይአይዲፒ» በሚል የእንግሊዝኛ ምሕፃር የሚታወቀው የከተሞች ተቋማትና መሠረተ ልማት ማጎልበቻ ፕሮግራም ሲሆን በመላ አገሪቱ 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። በየከተማው ብዙ ጌጠኛ መንገድና የጎርፍ መውረጃ ቱቦ በእነዚህ ፕሮግራሞች ተሠርቷል። ከገንዘቡ በላይ የጠቀመው ግን ያመጣው ልማድ ይመስለኛል፤ ከተሞች በየዓመቱ የሚከለስ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ እንዲያዘጋጁና በዕቅዱ ላይ ነዋሪውን እንዲያወያዩ አስገድዷል። ይህን ሰነድ ፈልገው ያንብቡት፤ ሰፈርዎ በሦስቱም ዓመት ውስጥ ከሌለ ወረፋ ላይ አይደለም ማለት ነው።

ጥያቄያችንን ለማን፣ መቼና እንዴት እናቅርብ?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ ላይ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚያወራው ስለሚቀጥለው ዓመት ነው። ጥያቄው ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ መምሪያው ወጥቶ በካቢኔ በኩል ምክር ቤት እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ያቅርቡት።

«መንገዳችን ተበላሽቷልና ይሠራልን» የሚል ደብዳቤ ከመቶ መሰል ደብዳቤዎች አይለይም። የመንገዱን ርዝመት በሜትር ይለኩ። ስፋቱን ይለኩ፤ በተለይ ጠባቡ ቦታ ላይ። ስንት አባወራ እንደሚኖርበት፣ ከየትኛው አስፋልት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ይኑርበት አይኑርበት፣ የዝናቡ ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይጻፉ። ፎቶ ያያይዙ፤ ፎቶውን ታዲያ በጥር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ጭቃ ያንሱት። ደብዳቤው ቀበሌ ሲገባ የመዝገብ ቁጥሩን ይቀበሉ፤ ያለ ቁጥር የቀረበ ጥያቄ በኋላ «አልደረሰንም» ሲባል ማስረጃ የለውም።

ቅድሚያ የሚሰጠው በምን ሚዛን ነው? ለምን የእነሱ ሰፈር ቀድሞ የእኛ ይቀራል?

ሚዛኑ ከሞላ ጎደል በየከተማው ተመሳሳይ ነው፦ ስንት ሰው ይጠቀምበታል፣ ከምን ጋር ያገናኛል፣ ሳይሠራ ቢቀር ምን ይጎዳል፣ ስንት ይፈጃል፣ ለሥራ ዝግጁ ነው ወይ፣ ነዋሪው ምን ያህሉን ይሸፍናል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጥና ይደመራል።

ሁለት መንገዶችን ለምሳሌ ያህል እናስብ። አንደኛው ማራኪ አካባቢ ከአስፋልት ወደ ውስጥ የሚገባ 400 ሜትር ፒስታ ነው እንበል። ሜዳ ነው፣ ወሰኑ ተከብሯል፣ ተማሪና ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ይመላለስበታል፣ ነዋሪው መዋጮውን ባንክ አስገብቶ ደረሰኙን ይዟል። ሁለተኛው ወደ አንገረብ የሚወርድ 250 ሜትር ቁልቁለት ነው። ሁለት አጥሮች ወደ መንገዱ ገብተዋል፣ ታችኛው ጫፉ ትልቅ ቱቦ ወይም አነስተኛ ድልድይ ይፈልጋል፣ በክረምት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነው የምትወጣው። በተጠቃሚ ብዛት አንደኛው ይበልጣል፤ በችግሩ ክብደት ሁለተኛው። በዋጋ አንደኛው በሜትር ይረክሳል። በዝግጁነትማ አይወዳደሩም፦ ለአንደኛው ነገ ጨረታ ማውጣት ይቻላል፤ ሁለተኛው ዲዛይኑና የአጥሩ ጉዳይ ሳያልቅ አይነካም። ሲደመር አንደኛው ያልፋል። የሁለተኛው ሰፈር ሰው «ዘመድ የለንም» ብሎ ይቀመጣል።

ዘመድ አይሠራም ብዬ አልምልም። ሆኖም ዝግጁነት ከዘመድ የበለጠ ጉልበት አለው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ አስፈጻሚውን ያስወቅሰዋል። ስለዚህ መምሪያው በዓመቱ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ሥራ ይመርጣል። ውጤቱም ቀላሉ መንገድ በየዓመቱ እየተሠራ ከባዱ በየዓመቱ መሻገሩ ነው።

ምክር ቤት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሰፈር ስም መቀያየር አድልዎ ይሆናል። ለችግር ክብደት የሚሰጠውን ነጥብ ከፍ ማድረግ፣ ለከባዶቹ መንገዶች ደግሞ ግንባታው ሳይሆን ዲዛይኑ ብቻ በዘንድሮው በጀት እንዲያዝ ማዘዝ ግን የምክር ቤት ተገቢ ሥራ ነው። የዲዛይን ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ለከርሞ ግን ሰፈሩን ከዝግጁዎቹ ተርታ ያሰልፈዋል። የምክር ቤት አባልዎን አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ከቻሉ ይህን ይጠይቁ።

ለምን ጌጠኛ ድንጋይ ይነጠፋል? አስፋልት አይገባንም?

ለሰፈር መንገድ ድንጋዩ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ከቅርብ ይወጣል፤ ጠራቢውም አንጣፊውም የከተማው ወጣት ነው። አሠራሩ በ1990ዎቹ መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ተሞክሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተዛመተውም ለብዙ ሰው ሥራ ስለሚፈጥር ነው። ቧንቧ ሲፈነዳም ድንጋዩ ተነሥቶ ተመልሶ ይነጠፋል፤ የተቆረጠ አስፋልት ግን ጠባሳው ይቀራል። ከባድ መኪናና አውቶቡስ የሚበዛበት መንገድ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ እዚያ አስፋልት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጌጠኛ መንገድ የሚበላሸው በድንጋዩ ሳይሆን በጠርዙና በውሃው ነው። ድንጋዩ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲና በአሸዋ ላይ ይደረደራል፤ በመካከሉ አሸዋ ይሞላል፤ ግራና ቀኝ የጠርዝ ድንጋይ ይይዘዋል። የጎን ቱቦው በቆሻሻ ሲደፈን ውሃው በመንገዱ ላይ ይሄድና አሸዋውን ከድንጋዮቹ መካከል ጠርጎ ያወጣል። መጀመሪያ አንድ ድንጋይ ይነቃነቃል፤ የባጃጅ ጎማ ደጋግሞ ይመታዋል፤ ጎረቤቶቹ ይከተላሉ፤ ከክረምቱ በኋላ ጉድጓድ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ «ድንጋዩ አይረባም» ይላል።

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ወጣ ገባ መሬት ላይ የሠፈረች ከተማ ናት፤ ከላይ የወረደ ጎርፍ ታች ያለውን ቤት ያገኘዋል። ለቱቦው መዳረሻ ያልተበጀለት መንገድ ለላይኛው ሰፈር ስጦታ፣ ለታችኛው ዕዳ ነው። በዕቅዱ ላይ ውሃው የት እንደሚፈስ ያልተጻፈ ፕሮጀክት ካዩ ከመመረቁ በፊት ይቃወሙ።

የእግረኛ መንገድስ በሚዛኑ ውስጥ አለ?

በወረቀት ላይ አለ። በተግባር ግን የእግረኛ መንገድ የሚታሰበው የመኪናው መንገድ ሲሠራ በተረፈው ስፋት ነው፤ ከዚያም የሱቅ ዕቃና የግንባታ አሸዋ ይይዘዋል። አብዛኛው የጎንደር ሰው በእግሩ በሚሄድበት ሁኔታ ይህ ትክክል አይደለም። በፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ የተጠቃሚ ቁጥር ሲቀርብ «እግረኛው ተቆጥሯል ወይስ ተሽከርካሪው ብቻ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ አባል ቢኖር ደረጃው የሚለዋወጥ ይመስለኛል።

ከተማው ባጃጅን መከልከል ይችላል? መጨናነቁንስ አይቀንሰውም?

ከተማው የባጃጅን መስመር፣ ተራና የሥራ ሰዓት መወሰን፣ ከአንዳንድ ጎዳናዎችም ማገድ ይችላል። የነዳጅ ዋጋ ግን ከእጁ ውጭ ነው፤ ነዳጅ በተነካ ቁጥር የታሪፍ ክርክር የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ስለ መጨናነቁ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ በአራዳ ገበያና በፒያሳ አካባቢ መንገዱን የሚዘጋው የሚሄደው ባጃጅ ሳይሆን የቆመው ነው። ሦስት ሰው የሚጭን ተሽከርካሪ ተሳፋሪ ለማውረድ ግማሽ መንገድ ይይዛል፤ ኋላው ያለው ሚኒባስ ይቆማል፤ የሚኒባሱ ረዳት ወርዶ ይሰዳደባል። ባጃጁን ብናግደው እንኳ ዘንቢል የያዘች እናት ዳገቱን በምን ትወጣለች? ርካሹ መፍትሔ መጫኛና ማውረጃ ቦታ ነው፦ ከመንገዱ ጎን ጥቂት ሜትር ገባ ያለ ስፍራ፣ ቀለም፣ ምልክትና አስተባባሪ። ይህን የመሰለ ሥራ በፕሮጀክት ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ሪባን የሚቆረጥበት አይደለምና።

በአብያተ መንግሥታቱ ዙሪያ ያለውን መንገድ ማስፋት ወይም ለመኪና መዝጋት ለምን አይቻልም?

የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ምዝገባው 900 ሜትር ርዝመት ባለው ግንብ በተከበበው ግቢ አያበቃም፤ ጥምቀተ ባሕሩን፣ ቁስቋምንና ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ይጨምራል። ስለዚህ ቅርሱ በከተማው ላይ ተበትኗል፤ አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው ደግሞ የከተማው መንገድ ነው። በእነዚህ ዙሪያ የሚታሰብ ቁፋሮ፣ ማስፋፊያም ሆነ አዲስ ግንባታ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ዕውቅና ሊካሄድ አይገባም፤ ከበድ ያለ ሥራ ሲሆን በቅርሱ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ አስቀድሞ እንዲጠና ዩኔስኮም ይጠብቃል። በቅርብ ዓመታት የአብያተ መንግሥታቱ እድሳትና የኮሪደር ልማቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይህ ጥያቄ ከወረቀት ወርዶ ሁሉም የሚያየው ሆኗል።

መዝጋቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ፒያሳ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ ከዚያ የሚታገደው መኪና በየት ይዙር የሚለው ሳይመለስ መዝጋት መጨናነቁን ወደ ጎረቤት ማዛወር ነው። ደግሞ የጥምቀት ነገር አለ። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ያንን ሁሉ ሕዝብ የሚችል የእግረኛ መንገድ በአዘቦት ቀን ቆጠራ ትርፍ ይመስላል። ታዲያ ስፋቱ በየትኛው ቀን ይለካ? እኔ ከጥምቀት ወገን ነኝ፤ ጎንደር የምትታወቅበትና የምትተዳደርበት በዓል ነውና።

ቤቴ መንገዱ ላይ ቢመጣ ምን መብት አለኝ?

መነሻው ስለ መሬት ማስለቀቅና ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። መሬቱ የሚወሰደው ለሕዝብ ጥቅም መሆን አለበት፤ ባለይዞታው አስቀድሞ ሊነገረውና ካሳ ሊከፈለው ይገባል። አዋጁ በካሳ ግምቱ ወይም በማስለቀቂያ ትእዛዙ ላይ ቅሬታ ያለው ሰው አቤት የሚልበትን ጊዜ 30 ቀን አድርጎታል፤ ዘመድ አማክራለሁ ሲሉ ያልፋል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ስለተደረገበት ከመፈረምዎ በፊት የተሻሻለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ የሕግ ባለሙያ ቢያማክሩ ደግሞ የተሻለ ነው።

አሁኑኑ ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ። ካርታዎን፣ የግብር ደረሰኝዎንና የግንባታ ፈቃድዎን አንድ ላይ ያስቀምጡ፤ ቤቱን ከውስጥም ከውጭም ፎቶ ያንሱ፤ ገማቾቹ ሲመጡ እርስዎም ይኑሩ። ያለ ፈቃድ ወደ መንገድ የወጣ አጥርና በረንዳ ካሳ ያስገኛል ብለው አይቁጠሩ።

የተጀመረ መንገድ ለምን ዓመታት ይፈጃል? ምክር ቤቱስ ተቋራጩን ማባረር አይችልም?

ውሉን የሚያቋርጠው ሥራውን ያስያዘው መሥሪያ ቤት ነው፤ ምክር ቤቱ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቃል። ማቋረጥ ደግሞ የሚመስለውን ያህል አያፈጥንም፦ የተሠራው ይለካል፣ ሒሳብ ይተሳሰባል፣ ክርክር ይነሣል፣ አዲስ ጨረታ ይወጣል፤ በዚህ መካከል አንድ ክረምት የተቆፈረውን ይሞላዋል። አንዳንዴ ደካማውን ተቋራጭ ገፍቶ ማስጨረስ ይሻላል፤ አንዳንዴ ደግሞ አይሻልም፤ ለሁሉም የሚሆን መልስ የለውም።

የመጓተቱ ምክንያቶች ተደራራቢ ናቸው። ሲሚንቶና ብረት ከውሉ በኋላ ይወደዳሉ። ምሰሶና ቧንቧ የሚያነሡት ተቋማት የየራሳቸው ወረፋ አላቸው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግርም ዕቃና ማሽን እንደልብ እንዳይንቀሳቀስ አድርጓል። ምክር ቤቱ በእነዚህ ሁሉ ላይ ሥልጣን የለውም። አንድ ነገር ላይ ግን ሙሉ ሥልጣን አለው፦ የተጀመሩት ሳያልቁ አዲስ እንዳይጀመር መከልከል ይችላል። በምርጫ ሰሞን ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ እያንዳንዱ አባል ለሰፈሩ የሚያሳየው ቁፋሮ ይፈልጋል።

መዋጮ የከፈለ ሰፈር ቅድሚያ ማግኘቱ ፍትሐዊ ነው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ያዋጣ ሰፈር መንገዱን ይጠብቃል፤ ቱቦው ላይ ቆሻሻ የሚጥለውን ይቆጣል፤ የተነሣ ድንጋይ ሲያይ ይደውላል። ከተማውም ለአንድ መንገድ በሚበቃ ብር አንድ ተኩል መንገድ ይሠራል። በሌላ በኩል ማዋጣት የሚችለው የተሻለ ኑሮ ያለው ሰፈር ነው። የቀን ሠራተኛና የቀበሌ ቤት ተከራይ የበዛበት ሰፈር ድርሻውን ሳይሞላ ዓመት ዓመትን ይወልዳል፤ የመንግሥት ገንዘብም ወደ ቻለው ሰፈር ይፈስሳል።

ድርሻውን እንደ ሰፈሩ አቅም ማበላለጥ፣ ጥሬ ገንዘብ ለሌለው በጉልበት እንዲሸፍን መፍቀድ፣ ከካፒታል በጀቱ የተወሰነውን መዋጮ ለማይጠየቅባቸው መንገዶች መለየት፣ እነዚህ ሁሉ ምክር ቤቱ ሊወስናቸው የሚችላቸው ናቸው። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ግን ሌላ ነው፦ ተዳፋት ላይ የላይኛው ሰፈር መንገድና የታችኛው ሰፈር ቱቦ በአንድ ፕሮጀክት፣ በአንድ ዲዛይንና በአንድ ጨረታ ይቅረቡ። ያን ጊዜ የላይኛው መዋጮ የታችኛውንም ወረፋ ይዞ ይመጣል፤ ታችኛውም ሰፈር ያልከፈለበትን መንገድ ጎርፍ አይቀበልም። ለመሐንዲሱ ሥራ ይጨምርበታል፤ የሁለቱን ቀበሌዎች ሊቃነ መናብርት በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጡ ደግሞ ከምሕንድስናው ይከብዳል። በሚቀጥለው የበጀት ውይይት ላይ የሁለቱ ሰፈር ዕድሮች በአንድ ደብዳቤ ቢቀርቡ መጀመር ይቻላል።